«ዘውድ»፣ «ድልድይ» እና «መትከል»፦ በጥርስ ጥገና ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

አማርኛ የጥርስን ጉድለት የሚገልጽበት ቃል አያጣም። ጥርሱ የወለቀበት ሰው ወላቃ፣ የተሸረፈበት ሸራፋ፣ ጥርሱ ወደ ፊት የወጣበት ገጣጣ ይባላል። ቀለሙ የተለወጠው ጥርስ በለዘ፣ ውስጡ የተበላው ተቦረቦረ፣ ሥሩ የላላው ተነቃነቀ ይባላል። እንደ ውበት የሚቈጠረው የፊት ጥርስ ክፍተት እንኳ ፍንጭት የሚል የራሱ ስም አለው። እነዚህ ቃላት ማንም ተሰብስቦ ያላወጣቸው፣ ከሕዝቡ አፍ የተገኙ፣ አጫጭርና ሰሚውን የማያሳስቱ ናቸው። ከጉድለቱ ወደ ጥገናው ስንሻገር ግን ቋንቋችን ድንገት ይደኸያል። የተበላሸ ጥርስ እንዴት እንደሚጠገን፣ የጎደለውም በምን እንደሚተካ በአማርኛ የሚነገረው በተውሶ፣ በግምትና በተምታታ ቃል ነው።

ከአዲስ አበባ በአስኮ ወጥቶ፣ ቡራዩን አቋርጦ ወደ ገፈርሳ የሚያደርሰውን የአምቦ መንገድ የሚከተል አንባቢ ይህን በጥርስ ክሊኒኮች ሰሌዳ ላይ ያነበዋል። «ጥርስ እንነቅላለን፣ እንሞላለን፣ እናጥባለን» የሚለውን ማንም ይረዳዋል። ቀጥሎ ግን «ክራውንና ብሪጅ እንሠራለን»፣ «ሰው ሠራሽ ጥርስ እንተክላለን» የሚል ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ግሶች የሚሆነውን ነገር ይናገራሉ፤ የኋለኞቹ ግን ሕክምና መኖሩን ከማስታወቅ በቀር በጥርሱ ላይ ምን እንደሚደረግ አይነግሩም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚህ ሙያ የተለመዱትን ስያሜዎች አንድ በአንድ መመርመር፣ የሚነቀፈውን መንቀፍ፣ የሚደገፈውን መደገፍ፣ በመጨረሻም አማራጭ ማቅረብ ነው። ሂሳችን በሐኪሞቹ ሙያ ላይ የተሰነዘረ አይደለም። ሐኪሞቹ በእንግሊዝኛ ተምረው በአማርኛ እንዲያክሙ የተገደዱ በመሆናቸው፣ ቃሉን አዘጋጅቶ ማቅረብ የሚገባው ቋንቋን ሙያዬ ብሎ የያዘው ወገን ነው።

1. ከስሙ በፊት ነገሩ

ለአንድ ነገር ስም ለማውጣት አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ ግድ ነው። በዐዋቂ ሰው አፍ ውስጥ ሲሟሉ 32 ጥርሶች ይገኛሉ። እያንዳንዱ ጥርስ ከድድ በላይ የሚታይ ክፍልና በአጥንት ውስጥ የተቀበረ ሥር አለው። የሚታየውን ክፍል ከላይ የሚሸፍነው ጠንካራ አካል ኤናሜል ይባላል። ኤናሜልን የሚሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ከድድ ሲወጣ ስለሚጠፉ፣ አንድ ጊዜ የተወገደ ኤናሜል ተመልሶ አይበቅልም። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ የሚመሠረተው በዚህ አንድ ነጥብ ላይ ነው።

አሁን በጋራ ስም እየተጠሩ የሚምታቱት ሕክምናዎች አራት ናቸው። የመጀመሪያው፣ በመቦርቦር ወይም በመሰበር የተዳከመ፣ ወይም ሥሩ ታክሞ የሳሳ ጥርስ የሚጠገንበት ነው። ጥርሱ እንደ ቦታውና እንደሚለብሰው ቁስ ዓይነት ዙሪያውን ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ያህል ይሞረዳል፤ ልኩ ይወሰዳል፤ ከብረት፣ ከፖርሲሊን ወይም ከዚርኮኒያ የተሠራ የጥርስ ቅርጽ ይጠለቅበትና በማጣበቂያ ይያያዛል። እንግሊዝኛው ይህን ክራውን ይለዋል።

ሁለተኛው፣ የወለቀ ጥርስ ክፍተት የሚሞላበት ነው። በክፍተቱ ግራና ቀኝ የቆሙት ጥርሶች እንደ ላይኛው ይሞረዳሉ፤ ሁለቱም የሚለብሱት ቅርጽ ይሠራላቸዋል፤ በመካከላቸውም ሥር የሌለው ተተኪ ጥርስ ከሁለቱ ጋር ተያይዞ ይቀመጣል። ይህ ብሪጅ የሚባለው ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በዚህ መንገድ አንድ ጥርስ ለመተካት ሁለት ጥርሶች እንደሚሞረዱና እነዚያም ምንም ያልነካቸው ጤነኞች ሊሆኑ እንደሚችሉ ነው።

ሦስተኛው፣ ታካሚው ራሱ እያወለቀ የሚያጥበውና መልሶ የሚያደርገው ጥርስ ነው። አራተኛው ደግሞ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የብረት ሥር፣ አብዛኛውን ጊዜ ቲታንየም፣ ተቀብሮ በላዩ ጥርስ የሚሠራበት ነው። ይህ አራተኛው ስዊድናዊው ፔር-ኢንግቫር ብሬኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1965 የመጀመሪያውን ታካሚ ካከመ በኋላ እየተስፋፋ የመጣ ዘዴ ነው።

እነዚህ አራቱ በዋጋቸው፣ በሚወስዱት ጊዜ፣ በሚያስከትሉት ጉዳትና በዕድሜያቸው የተለያዩ ናቸው። አንዱ ጤነኛ ጥርስ ያስሞርዳል፤ አንዱ አጥንት ያስቦረቡራል፤ አንዱ ሁለቱንም አይነካም፣ ነገር ግን ከአፍ ይወጣል ይገባል። ስለሆነም በእነዚህ መካከል የሚመርጠው ታካሚ ልዩነቱን በስማቸው መለየት መቻል አለበት። አሁን ያሉት ስሞች ይህን አገልግሎት ይሰጣሉ ወይ? ጥያቄያችን ይኸው ነው።

2. «ሰው ሠራሽ ጥርስ»

በጣም የተለመደው ስም ይህ ነው። ስሕተት አለበት ለማለት አይቻልም፤ አራቱም በሰው እጅ የተሠሩ ናቸውና። ጉድለቱ ሁሉንም በአንድ ከረጢት መክተቱ ነው። «ሰው ሠራሽ» የሚለው ቅጽል ነገሩ ከየት እንደ መጣ ይናገራል እንጂ ምን እንደሚሠራ አይናገርም። ከዚህም በላይ «ሰው ሠራሽ» በአማርኛ «የእውነት ያልሆነ»፣ «ለመልክ የተደረገ» የሚል ጥላ ያጠላበታል።

ይህ ጥላ የቋንቋ ሊቃውንት ጭንቀት ብቻ አይደለም። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ ከመድኑ ውጪ ከተደረጉት አገልግሎቶች መካከል ሰው ሠራሽ ጥርስ ከውበት ቀዶ ሕክምና ጋር ተጠቅሶ ነበር። ለዚህ ውሳኔ የገንዘብ አቅም ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ በዚያ ላይ አንፈርድም። ነገር ግን ሥሩ ታክሞ ሊሰበር የተቃረበ መንጋጋ ጥርስ የሚጠገንበት ሥራና ለፈገግታ ማሳመሪያ የሚደረገው ሥራ በአንድ ስም እስከተጠሩ ድረስ፣ ደንብ አውጪው ሁለቱን ለያይቶ ሊያይ ቢፈልግ እንኳ የሚለይበት ቃል የለውም። ስም ያልተሰጠው ልዩነት በደንብ ውስጥ ሊገባ አይችልም።

3. «መትከል»

ከሁሉ ይልቅ የምንነቅፈው ይህን ግስ ነው። «ጥርስ ተከለ»፣ «አስተከለ» የሚለው ቃል ዛሬ ለድልድዩም፣ ለሚወልቀውም፣ በአጥንት ለሚቀበረውም ይነገራል። ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። የወለቀው ጥርስ ተነቀለ ተብሏል፤ የተነቀለ ነገር ሲመለስ ተተከለ መባሉ የአማርኛ ባሕርይ ነው። ነቀለና ተከለ እንደ ዘጋና ከፈተ የተጣመዱ ግሶች ናቸው።

ይሁን እንጂ ተከለ በአማርኛ የጠበቀ ትርጉም አለው። ችግኝ ይተከላል፤ ምሰሶ ይተከላል፤ ድንኳንም ካስማው መሬት ስለሚገባ ይተከላል። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን የጢያ ሐውልቶች «ትክል ድንጋይ» የምንላቸው እግራቸው በመሬት ውስጥ ስለ ተቀበረ ነው። መሬት ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ትክል አይባልም። እንግዲህ «ጥርስ ይተከልልዎታል» የተባለች አንዲት ወይዘሮ ሥር ያለው ነገር በአጥንቷ እንደሚገባ ብትገምት የቋንቋዋን ሕግ ጠብቃ ነው። የተደረገላት ድልድይ ሆኖ ሁለት ጤነኛ ጥርሶቿ ተሞርደው ብታገኛቸው፣ የተታለለችው በሐኪሙ ተንኮል ሳይሆን በአንድ ግስ ልቅነት ነው። የተሞረደው ኤናሜል ግን ቃሉ ቢታረምም አይመለስም።

«ተነቃይ ጥርስ» የሚለው ስያሜም ከዚሁ ጥምድ የመጣ ነው። ቃሉ የተፈለገው «የሚወጣና የሚገባ» ለማለት ነው፤ የሚሰማው ግን «ሊነቀል የተወሰነበት ጥርስ» ተብሎ ነው። በአንድ የሕክምና ካርድ ላይ «ተነቃይ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ጥርሱ የሚነቀል ነው ወይስ ተሠርቶ የሚሰጥ? ሁለቱ ትርጉሞች ፍጹም ተቃራኒ ናቸው። ሕዝቡ በዚህ ረገድ ከእኛ ቀድሞ መፍትሔ አግኝቷል፤ «የሚወልቅ ጥርስ» ይላል። ጫማም ልብስም ይወልቃል፤ አውላቂው ባለቤቱ ነው።

4. «ዘውድ»

ክራውንን «የጥርስ ዘውድ» ብሎ መተርጐም አንዳንድ ጊዜ በጽሑፍ ይታያል። ተርጓሚው ምክንያት አለው። የላቲኑ ኮሮና፣ የፈረንሳይኛው፣ የጀርመንኛው፣ የጣልያንኛው ስም ሁሉ አክሊልን ያመለክታል፤ የዓረብኛው ታጅ፣ የዕብራይስጡ ኬቴርም እንዲሁ። ስለዚህ አማርኛም ከዓለም ጋር ቢሰለፍ ምን ይጐዳል ሊባል ይችላል።

በእኛ አስተያየት ሁለት ነገሮች ይጐዱታል። አንደኛው፣ በእነዚያ ቋንቋዎች ክራውን የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ይይዛል፤ ከድድ በላይ የሚታየው የተፈጥሮ ጥርስ ክፍልም፣ በእጅ የተሠራው ቅርጽም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ይህን መንታነት ከነችግሩ ለምን እንወርሳለን?

ሁለተኛው፣ ይበልጥ የሚከብደው፣ የአማርኛ ግስ ነው። አማርኛ ለእያንዳንዱ የሚለበስ ነገር የተለየ ግስ አለው። ልብስ ይለበሳል፤ ነጠላ ይደረባል፤ ቀለበት ይጠለቃል፤ መቀነት ይታጠቃል፤ ዘውድና አክሊል ግን ይደፋሉ። ዘውድ የደፋ ነገሠ ማለት ነው፤ አክሊል የደፋ ወይ ሰማዕት ነው ወይ በተክሊል ያገባ ሙሽራ ነው። «መንጋጋዬ ዘውድ ደፋ» የሚል ታካሚ ማንንም ሳያስቅ አይቀርም። ቃሉ ከሣቀበት ሰው አፍ ሁለተኛ አይወጣም፤ በመዝገብ ላይ ተጽፎ ይቀራል። በተጨማሪም ዘውድ የክብር ጌጥ እንጂ የጥገና ምልክት ባለመሆኑ፣ ከሥሩ ጥርስ መሞረዱን ፈጽሞ ይሸሽጋል።

አክሊል የሚለውን ግን ጨርሰን አንጥለውም። ቃሉ ከግዕዙ ከለለ፣ ማለትም ከከበበና ከጋረደ ጋር የተዛመደ ነው፤ ከለላና ክልል የምንላቸውም የዚሁ ዘሮች ናቸው። የተፈጥሮውን የጥርስ ክፍል ለሚያጠና ተማሪ «አክሊለ ጥርስ» የሚለው ስም ትክክልና ክቡር ነው። ይህ ለመማሪያ መጽሐፍ ይሁን፤ ለክሊኒኩ ወንበር ግን ሌላ ቃል ያስፈልጋል። ጥርስን በግዕዙ ስን ብሎ «አክሊለ ስን» ማለት የሚያምረው ቢኖር፣ ታካሚው ከቡና ስኒ ሌላ ምንም እንደማያስታውስ አስቀድመን እንነግረዋለን።

5. «ሽፋን»፣ «ቆብ»፣ «ልባጥ»

«ሽፋን» ቀላልና የሚገባ ቃል ነው፤ በብዙ ክሊኒኮችም ይነገራል። ችግሩ በዚሁ በጤናው መስክ ቦታው መያዙ ነው። የጤና መድን ሽፋን፣ የክትባት ሽፋን፣ የአገልግሎት ሽፋን እያልን ስንኖር «የጥርስ ሽፋን አለዎት?» ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም ስለ ጥርሱ ይጠይቅ ስለ መድኑ አይታወቅም። አንድ ቃል በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ጌታ ሊያገለግል አይችልም።

«ቆብ» ነገሩን በሚገባ ይስላል፤ ከላይ ተጠልቆ ዙሪያውን ይይዛልና። ነገር ግን ቆብ የምንኩስና ምልክት ነው። ቆቡን ጣለ የተባለ መነኩሴ ምን እንዳደረገ አንባቢ ያውቃል። ማጣበቂያው ለቆ ቅርጹ የወደቀበት ታካሚ ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ «ቆቤን ጣልሁ» ቢል ሕመሙን ወደ ጨዋታ ይለውጥበታል።

«ልባጥ» ከለበጠ የወጣ ሲሆን፣ ወርቅ ወይም ብር በሌላ ነገር ላይ በስሱ መለጠፍን ያመለክታል። ይህም ከሥራው ጋር የተቀራረበ ነው። ይሁን እንጂ ከዚሁ ሥር የወጣው ለበጣ ከልብ ያልሆነ ነገር ማለት ነው፤ የለበጣ ሣቅ የምንለው ከጥርስ የማያልፈውን ሣቅ ነው። ስለ ሣቁ አፍሮ ሐኪም ፍለጋ ለመጣ ሰው ከዚህ የከፋ ስም አይገኝም።

6. «ድልድይ»

ብሪጅን «ድልድይ» ማለት ግን ትክክል ነው እንላለን። ሐሳቡ ከእንግሊዝኛ ቢመጣም በአማርኛም ሙሉ በሙሉ ይሠራል። ድልድይ ሁለት ዳር አለው፤ ዳሮቹ ካልጸኑ ድልድዩ አይጸናም፤ ከሥሩ ክፍተት አለ፤ ክብደቱን የሚሸከሙት ዳሮቹ ናቸው። ይህ ሁሉ በጥርሱም ድልድይ ላይ እውነት ነው። «ድልድይ እንሠራልዎ» የተባለ ታካሚ «በምን ላይ ይቆማል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ መጠየቅ ያለበትም ይህንኑ ነው። ታካሚው ትክክለኛውን ጥያቄ እንዲጠይቅ የሚያደርግ ስያሜ የተሳካ ስያሜ ነው።

ነገሩ ራሱ ከስሙ በጣም የቆየ መሆኑንም ማስታወስ ይገባል። ኤትሩስካን የሚባሉት የጥንት ኢጣልያ ነዋሪዎች ከ2,500 ዓመታት በፊት በቀጭን የወርቅ ቀበቶ ተተኪውን ጥርስ ከጎረቤቶቹ ጋር ያስሩ ነበር። ስያሜው ከዚያ ወዲህ የመጣ ቢሆንም የሥራውን መሠረት፣ ማለትም በጎረቤት መደገፍን፣ አልሳተም።

ድልድዩን ከተቀበልን ክፍሎቹም ስም ይሻሉ። በግራና በቀኝ ያሉትን «ተሸካሚ ጥርስ»፣ የመካከለኛውን «ተተኪ ጥርስ» ማለት ይበቃል። «ደጋፊ» ከሚለው ይልቅ «ተሸካሚ» የመረጥነው፣ ደጋፊ ሲፈልግ የሚርቅ፣ ተሸካሚ ግን ሸክሙ ላዩ ያለ በመሆኑ ነው። እነዚያ ጥርሶች የራሳቸውንም የጎደለውንም ሥራ ይሠራሉ።

7. ከቁስ የሚወጣ ስም

«የወርቅ ጥርስ» በከተሞቻችን የቆየ ስም ነው፤ የሀብትና የማዕረግ ምልክትም ሆኖ ኖሯል። ከዚህ ተነሥተው «የፖርሲሊን ጥርስ»፣ «የዚርኮኒያ ጥርስ» የሚሉ አሉ። ለዋጋ ዝርዝር ይህ ይጠቅማል፤ ለሙያ ስም ግን አይሆንም። ቁስ ይለወጣል፤ ስም ይቀራል። እርሳስ የምንለው መጻፊያ ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ አይደለም፤ ስሙ ግን ተጣብቆበት ቀርቷል። ገፈርሳ ራሱ ሌላ ምስክር ነው። ቃሉ በኦሮምኛ ጎሽ ማለት ነው። ዛሬ በዚያ የሚታወቀው ከ1930ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ለአዲስ አበባ ውሃ የሚያጠራቅመው ግድብ እንጂ ጎሽ አይደለም። ለቦታ ስም ይህ ታሪክ ስለሆነ ጌጥ ነው፤ ለሕክምና ስም ግን ስሕተት ነው። ታካሚው ማወቅ የሚፈልገው በጥርሱ ላይ ምን እንደሚሠራ ነው፤ የሚሠራበት ቁስ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ምርጫ ነው።

8. የተውሶው ቃልና የጎረቤቱ ቋንቋ

«ክራውንና ብሪጅ እንዳሉ ቢቀሩስ?» የሚሉትን ማዳመጥ ይገባል። ሐኪሞች ሁሉ ያውቋቸዋል፤ አጫጭር ናቸው፤ ሐኪሙን ከላቦራቶሪው ጋር ያግባባሉ። እኛም የተውሶ ቃል በመሆናቸው ብቻ አንጠላቸውም። ሆስፒታልም ክሊኒክም የተውሶ ናቸው፤ አማርኛም አልፈረሰም። ፈረንሳይኛ እንኳ ለጥርሱ ድልድይ የእንግሊዝኛውን ብሪጅ ይጠቀማል።

መለኪያችን የቃሉ ትውልድ ሳይሆን አገልግሎቱ ነው። ሆስፒታል የሚባለውን ቃል ያልተረዳ ሰው ሕንጻውን አይቶ ይረዳል። ክራውን የሚለውን ያልተረዳ ታካሚ ግን የሚረዳው ተሞርዶ ካለቀ በኋላ ነው። በመሆኑም በሐኪሞች መካከል ክራውን ይባል፤ ፈቃድ በሚጠየቅበት ቅጽ ላይና በታካሚው ፊት ግን የአማርኛው ቃል አብሮ ይምጣ። ሁለቱ ቃላት ለሁለት ዓይነት ንግግር ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ማባረር የለበትም።

በገፈርሳና በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታም ይህ ጉዳይ ሌላ ገጽታ አለው። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በእነዚህ አካባቢዎች በአንዱ ወንበር አማርኛ ተናጋሪ፣ በሚቀጥለው ኦሮምኛ ተናጋሪ ይቀመጣል፤ ሐኪሙም በሁለቱም ቋንቋ ማስረዳት ይኖርበታል። ኦሮምኛ ለጥርስ ኢልካን፣ ለድልድይ ሪቂቻ፣ ለማልበስ ኡፊሱ የሚሉ የታወቁ ቃላት አሉት። ሁለቱ ቋንቋዎች አንዱ ከሌላው ቃል ሳይበደሩ አንድ ሐሳብ መካፈል ይችላሉ። ድልድይና ሪቂቻ፣ ማልበስና ኡፊሱ ጎን ለጎን ሲሄዱ ሐኪሙ አንድ ምሳሌ በሁለት አፍ ይናገራል እንጂ ሁለት የተለያየ ነገር አያስረዳም። የአማርኛ ስያሜ ሲወጣ የጎረቤቱን ቋንቋ ማየት ለዚህ ይጠቅማል።

9. የምናቀርበው ሐሳብ

ለጥርስ ሥራ በሕዝቡ የተለመዱት ግሶች ማስነቀል፣ ማስሞላት፣ ማሳጠብ ናቸው። ሁሉም ታካሚው በሌላ ሰው እጅ ያሠራውን የሚናገሩ ናቸው፤ ሁሉም በጥርሱ ላይ የሆነውን ይገልጻሉ። አዲሱ ቃል ከእነዚህ ጋር በአንድ ረድፍ መቆም አለበት። ይህን ፈተና ከሞከርናቸው ሁሉ በተሻለ የሚያልፈው ማልበስ ነው። «ጥርሴን አስለበስሁ» የሚል ሰው አያስቅም፤ አያሳስትምም። ልብስ በአካል ላይ ስለሚለበስ፣ ከሥሩ የራሱ ጥርስ መኖሩን ቃሉ ይጠብቃል። በዓረብኛም በንግግር ተልቢሳ፣ ማለትም ማልበሻ፣ መባሉ ሐሳቡ ለሌላውም ሕዝብ የቀረበ መሆኑን ያሳያል።

ማልበስ ብቻውን ግን አይበቃም፤ መሞረዱን አይናገርምና። ስለዚህ ሥራው በሙሉ ስሙ «ሞርዶ ማልበስ» እንዲባል እንጠይቃለን። ሞረድን የማያውቅ የለም። ሞረድ የነካው ነገር እንደሚጐድል ባለማረሻውም፣ ባለመጋዙም፣ የቤት እመቤቷም ያውቃሉ። ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን ስያሜዎች ለአንባብያን እናቀርባለን።

አክሊለ ጥርስ፦ ከድድ በላይ የሚታየው የተፈጥሮ ጥርስ ክፍል፤ ለትምህርትና ለጥናት።

ሙሉ ልባስ፦ የተሞረደ ጥርስን ዙሪያውን የሚሸፍን፣ በማጣበቂያ የሚያያዝ ቅርጽ፤ ክራውን።

የፊት ልባስ፦ የጥርሱን የፊት ገጽ ብቻ የሚሸፍን ስስ ቅርጽ፤ ለምሳሌ ለበለዘ ጥርስ የሚደረገው።

ሞርዶ ማልበስ፦ ሙሉ ልባስ የሚደረግበት ሥራ፤ ታካሚው ሲናገር፦ ጥርሴን አስለበስሁ።

የጥርስ ድልድይ፦ በተሞረዱ ተሸካሚ ጥርሶች ላይ ቆሞ ተተኪ ጥርስ የሚይዝ፣ የማይወልቅ ሥራ።

የሚወልቅ ጥርስ፦ ባለቤቱ እያወለቀ መልሶ የሚያደርገው፤ «ተነቃይ» የሚለው ይቅር።

ትክል ጥርስ፦ ሥሩ በመንጋጋ አጥንት የተቀበረ፤ መትከል የሚለው ግስ ለዚህ ብቻ ይጠበቅ።

«ሰው ሠራሽ ጥርስ» የሚለው የሁሉም የወል ስም ሆኖ ሊቀጥል ይችላል፤ ነገር ግን በውል፣ በደንብና በታካሚ ፈቃድ ላይ ብቻውን እንዳይጻፍ እንመክራለን።

በዚህ ዝርዝር ላይ ሊነሣ የሚችል አንድ ተቃውሞ አለ። ልባስ ከልባሽ ጨርቅ ጋር ይቀራረባል፣ ያገለገለ ነገር ያስመስላል የሚል ሊኖር ይችላል። ልባሽ ያረጀውን፣ ልባስ የለበሰውን ነገር የላይ ክፍል ያመለክታል፤ በድምፅ ቢቀራረቡም በአገባብ አይገናኙም። ቢሆንም የአንድ ቃል ዕድል የሚወሰነው በመዝገብ ሳይሆን በወንበሩ ላይ በተቀመጠው ሰው አፍ ነው። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን ታላቅ መዝገበ ቃላታቸውን ሲያዘጋጁ፣ አካዳሚውም በ1980ዎቹ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትን ሲያሳትም የቀረበላቸው ፈተና ይኸው ነበር። መዝገብ የገባ ሁሉ አልተነገረም፤ የተነገረም ሁሉ መዝገብ አልገባም።

ስለሆነም የምንጠይቀው ስያሜዎቹ ወዲያው እንዲጸድቁ አይደለም። የጥርስ ሐኪሞች «ይህ ጥርስዎ ተሞርዶ ይለብሳል፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ድልድዩን እንዲሸከሙ ይሞረዳሉ» ብለው በአማርኛ ያስረዱ፤ ከዚያም ታካሚው የተረዳውን በራሱ ቃል መልሶ እንዲናገር ያድርጉ። ታካሚው ሞረድን ከጠቀሰ ቃላችን ሠርቷል። ካልጠቀሰም ሌላ ቃል እንፈልግ። ከሐኪሞችም ሆነ ከታካሚዎች የሚላክልንን የተሻለ ቃል በምስጋና ተቀብለን በዚሁ መጽሔት እናወጣለን።